ለሁለት ምድጃ ሲባል ፓርላማ በቅዳሜ ተጠራ

ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ የሆሳዕና ዋዜማ። የእንግሊዝ የፓርላማ አባላት ለፋሲካ ዕረፍት ወደየቤታቸው ተበትነው ሳለ ድንገት ተመለሱ ተባሉ። እዚያ አገር ፓርላማ በቅዳሜ ሲሰበሰብ ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የፎክላንድ ጦርነት ሲነሳ እንዲህ ተሰብስቦ ነበር።

የዚህኛው ጉዳይ ግን ጦርነት አልነበረም። ሁለት ንግሥቶች እንዳይሞቱ ነው። ንግሥት አን እና ንግሥት ቤስ። ሰዎች አይደሉም። ስካንቶርፕ በምትባል ከተማ የቆሙ የብረት ማውጫ ምድጃዎች ናቸው። ባለቤታቸው ጂንግዬ የተባለው የቻይና ኩባንያ በቀን 700 ሺህ ፓውንድ ገደማ እየከሰርኩ ነው ብሎ ሊዘጋቸው ዳር ደርሶ ነበር። መንግሥት ደግሞ የምድጃዎቹ ቀለብ እንዳይቋረጥ ፈራ። በዚያችው ዕለት ሕጉ ቀረበ፣ ተከራከሩበት፣ አለፈ፣ በንጉሡም ጸደቀ።

ዜናውን ስሰማ ግራ ገባኝ። ምድጃ ቢጠፋስ ምን አለበት? ክብሪት የለም እንዴ?

የለም። ማለቴ፣ ለዚህ ዓይነቱ ምድጃ የሚሆን ክብሪት የለም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግን ብረት ከድንጋይ እንዴት እንደሚወጣ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ማቅለጥ ሌላ፣ ማውጣት ሌላ

ቁራሌው ሰፈር ለሰፈር ዞሮ የሚሰበስበው የአልጋ ብረትና የወላለቀ በር ድሮም ብረት ነው። ፋብሪካ ገብቶ ይቀልጣል፣ ፌሮ ሆኖ ይወጣል። እሱ ማቅለጥ ብቻ ነው። ከመሬት የሚቆፈረው ቀይ ድንጋይ ግን ገና ብረት አልሆነም። ዝገት ነው ብንል ይቀላል። ዋናው የብረት ማዕድን ሄማታይት ይባላል፤ ቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ የምናየው ዝገት የቅርብ ዘመዱ ነው። በሁለቱም ውስጥ ብረትና ኦክሲጅን ተጋብተዋል። ንጹሕ ሄማታይት ከክብደቱ 70 በመቶው ብረት፣ 30 በመቶው ኦክሲጅን ነው።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ማፋታት ነው። ኦክሲጅኑን አስኮብልሎ የሚወስድ ሦስተኛ ወገን ያስፈልጋል። ያ ሦስተኛ ወገን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። በር ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው፣ ያው እሱ። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ይወጣል። ያለው አንድ ኦክሲጅን ነው፤ ሁለተኛ ይፈልጋል። የጋለ የብረት ማዕድን ሲያገኝ ኦክሲጅኑን ነጥቆ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። ብረቱ ብቻውን ይቀራል።

የጥንት ሰዎች የጋዙን ስም ባያውቁም ሥራውን ያውቁት ነበር። በእኛም አገር፣ ለምሳሌ ደቡብ ኦሞ ያሉት ዲሜዎች፣ ከጭቃ በሠሩት ምድጃ ውስጥ ማዕድንና ከሰል ከተው በወናፍ እየነፉ ብረት ያወጡ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ምድጃ የሚሰጠው ግን የቀለጠ ብረት አይደለም። የድንጋዩ ቆሻሻ ቀልጦ ይወርዳል፤ ብረቱ ሳይቀልጥ እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ቀጥቃጩ እያጋለ ደጋግሞ ይቀጠቅጠዋል፣ ውስጡ የቀረው ቆሻሻ እስኪወጣ።

የማይቀልጠው ለምንድን ነው? ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው 1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስለሆነ ነው። የእጅ ወናፍ እዚያ አያደርስም። በትልልቆቹ ምድጃዎች ውስጥ ግን አንድ ደስ የሚል ነገር ይፈጠራል። ብረት ከካርቦን ጋር በከባድ ሙቀት ብዙ ሲቆይ ካርቦኑን ይጠጣል። 4.3 በመቶ ካርቦን የጠጣ ብረት የሚቀልጠው 1,150 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ወደ 400 ዲግሪ የሚጠጋ ቅናሽ! ቻይናዎች ይህን ከ2 ሺህ ዓመት በፊት ደርሰውበት ብረትን እንደ ውኃ በቅርጽ ያፈሱት ነበር።

የከሰል ማዳበሪያው መጨረሻ

የዛሬው ምድጃ ብላስት ፈርነስ ይባላል። በግርድፉ ብንፈታው የሚነፋ ምድጃ ማለት ነው። ቁመቱ 30 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ውጪው ብረት፣ ውስጡ እሳት በሚችል ጡብ የተለበጠ ማማ ነው። ከላይ ድንጋይና ነዳጅ ይገባል፣ ከታች ትኩስ አየር ይነፋበታል። ምድጃውን ከምንም በላይ የሚያስጨንቀው ነገር ሙቀት ይመስለኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። የሚያስጨንቀው ትንፋሽ ነው።

ከሰል የገዛ ሰው ይህን ያውቃል። ጉማጅ ጉማጁ ከሰል ቶሎ ይያያዛል። ማዳበሪያው ሲያልቅ ከታች የሚቀረው ግን ድቃቂ ነው። እሱን ማንደጃ ላይ ከምራችሁ ክንዳችሁ እስኪዝል ብታራግቡ ጭስ እንጂ እሳት አይወጣውም። አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ የለውም፤ ታፍኗል።

ከማዕድን ማውጫ የሚመጣው የብረት ድንጋይ ደግሞ አብዛኛው ድቃቂ ነው። ሲፈነዳ፣ ሲፈጭ፣ መርከብ ላይ ሲጫን ይደቃል። ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰውን እንዳለ ምድጃ ውስጥ ብትሞጅሩት ወይ ጋዙን ያፍነዋል፣ ወይ ነፋሱ ጠርጎ በአናቱ ያስወጣዋል። ታዲያ ያን ሁሉ ድቃቂ መጣል ነው? እዚህ ላይ ሲንተር የሚባለው ሥራ ይመጣል። ስለ ብረት ሲወራ ይህ ክፍል እምብዛም አይነሳም። ፎቶ የሚነሳው የሚፈሰው ቀይ ብረት ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚያስገርመው ይኸኛው ነው።

ቆሎን በማር ለውሳችሁ ብታደርቁት ይያያዛል። ቆሎው ግን ቆሎ እንደሆነ ይቀራል። የሲንተር ሐሳብም ይኸው ነው፤ ድቃቂውን ሙሉ ለሙሉ ሳያቀልጡ ማጣበቅ።

መጀመሪያ ድቃቂው ማዕድን ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከኮክ ድቃቂ ጋር ይቀላቀላል። (ኮክ ስል ፍሬውን አይደለም። እመጣበታለሁ።) ኮኩ ከጠቅላላው ከ3 እስከ 5 በመቶ ቢሆን ነው። ድብልቁ በሚሽከረከር ትልቅ በርሜል ውስጥ ውኃ እየተርከፈከፈበት ይዞራል። ዱቄት ላይ ውኃ ረጭታችሁ በእጅ ስታሹት ድብልብል እንደሚለው፣ ይኸውም ጥቃቅን ድቡልቡል ይሆናል። ይህም ለትንፋሽ ነው።

ከዚያ ታቹ የብረት ርብራብ በሆነ፣ ቀስ እያለ በሚጓዝ ረጅም አልጋ ላይ ይነጠፋል። ውፍረቱ ከ50 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አልጋው ከነበልባል ሥር ሲያልፍ ላዩ ይለኮሳል። ከሥሩ ያሉ ኃይለኛ ማራገቢያዎች ደግሞ አየሩን ወደ ታች ይስባሉ። እሳት ወደ ላይ እንደሚሄድ ነው የምናውቀው። እዚህ ግን ወደ ታች ይጓዛል፤ በደቂቃ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ።

በማንኛውም ቅጽበት የሚነደው አንድ ቀጭን ንብርብር ብቻ ነው። ከእሱ በላይ ያለው በስሏል። ከእሱ በታች ያለው ገና እርጥብ ነው። ከላይ የሚሳበው ቀዝቃዛ አየር በበሰለው በኩል ሲያልፍ እግረ መንገዱን ይሞቃል፣ ሞቆም እሳቱ ጋ ይደርሳል። ነዳጁ በጣም ትንሽ ሆኖ 1,300 ዲግሪ አካባቢ የሚደረሰው በዚህ ብልሃት ነው። እዚያ ሙቀት ላይ ኖራውና ብረቱ ተገናኝተው ቀልጠው ፈሳሽ ይሆናሉ። ማሩ እሱ ነው። ሲቀዘቅዝ ድቃቂውን አንድ ላይ ይዞ ይደርቃል።

አልጋው መጨረሻ ላይ ሲደርስ እሳቱም ርብራቡ ጋ ደርሶ ማለቅ አለበት። ከዘገየ የታችኛው ክፍል ጥሬ ይወጣል። ከቀደመ መሣሪያው በከንቱ ይሮጣል። የሲንተር ባለሙያ ቀኑን ሙሉ የሚጠብቀው ይህን ነጥብ ነው፤ ልክ እንጀራ ጋጋሪ የአክንባሎዋን ጊዜ እንደምትጠብቀው። ከዚያ ቀይ የጋለው ቂጣ ይወድቃል፣ በጥርሳም መፍጫ ይሰበራል፣ ይቀዘቅዛል፣ በወንፊት ይነፋል። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ይገባል። የተረፈው፣ ጠቆር ያለ፣ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን ያለው ጉማጅ ነው። ጋዝ በዙሪያውም በውስጡም ያልፋል።

አሠራሩን ያወጡት ድዋይት እና ሎይድ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ናቸው። መጀመሪያ ያሰቡት ለብረት አልነበረም፤ ለመዳብና ለእርሳስ ማዕድን ነው። ብረት ሠሪዎች ኋላ ወሰዱት።

ሲንተር ሌላም ጥቅም አለው። የማይረባውን ሁሉ ይበላል። ከምድጃው የሚወጣ አቧራ፣ ብረት ሲዳጥ የሚረግፍ ቅርፊት፣ ተጠርጎ የተሰበሰበ የኖራ ብናኝ፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። ኖራው ሌላ ቦታ አስቀድሞ መበሰሉም ለዋናው ምድጃ ዕረፍት ነው። ክፉ ጎኑ ጭሱ ነው። ከብረት ፋብሪካ ክፍሎች ሁሉ አቧራና መርዛማ ጋዝ በብዛት የሚወጣው ከዚህ በመሆኑ በአውሮፓ ያሉ ጎረቤቶቹ አይወዱትም።

ኮክ፣ ግን ፍሬው አይደለም

ኮክ ከድንጋይ ከሰል ይሠራል። የተመረጠ የድንጋይ ከሰል አየር በሌለበት ዝግ ምድጃ ውስጥ 1,000 ዲግሪ በሚሆን ሙቀት ከግማሽ ቀን በላይ ይጋገራል። ጭሱና ሬንጁ ይወጣል። የሚቀረው ግራጫ፣ ቀዳዳማ፣ ጠንካራ ካርቦን ነው። እ.ኤ.አ. በ1709 አብርሃም ዳርቢ የተባለ እንግሊዛዊ ኮልብሩክዴል በሚባል ቦታ ብረትን በእንጨት ከሰል ፈንታ በኮክ አወጣ። ጫካ ያተርፋል፣ እሱ አንድ ነገር ነው። ትልቁ ነገር ግን ጥንካሬው ነው። የእንጨት ከሰል ብዙ ድንጋይ ሲጫነው ይደቃል፤ ስለዚህ ምድጃው ከልክ በላይ መርዘም አይችልም። ኮክ ግን ይሸከማል።

የኮክ ሥራ ሦስት ነው። ይነዳል፣ ኦክሲጅን የሚነጥቀውን ጋዝ ይሰጣል፣ ምሰሶም ይሆናል። ሁለቱን በሌላ ነገር መተካት ይቻላል፤ ዛሬ የድንጋይ ከሰል ዱቄት በአየር መንፊያው በኩል እየተረጨ የኮኩን ፍጆታ ይቀንሳል። ምሰሶነቱን የሚተካ ግን አልተገኘም።

በማማው ውስጥ

አሁን ከላይ እንግባ። ሲንተርና ኮክ ሳይደባለቁ በየተራ ይነጠፋሉ፤ አንድ ድርብ ሲንተር፣ አንድ ድርብ ኮክ። ድንጋዩ ከአናት እስከ ታች ለመውረድ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈጅበታል። ጋዙ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ግን በሰከንዶች ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ሙቀቱን ሁሉ አራግፎ፣ ኦክሲጅን ተሸክሞ ይወጣል። ከታች ከ2,000 ዲግሪ በላይ የነበረው አናቱ ላይ ሲደርስ 100 እና 200 ዲግሪ መካከል ነው። ይህን ያህል ሙቀት ሳያባክን የሚሠራ ማሽን ብዙ የለም።

ሲንተሩ የመጀመሪያ ፈተናው 500 ዲግሪ አካባቢ ይገጥመዋል። ኦክሲጅኑ መውጣት ሲጀምር ሄማታይቱ ወደ ሌላ ዓይነት፣ ማግኔታይት ወደሚባለው፣ ይለወጣል። ሲለወጥ ያብጣል። ሲያብጥ ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። ያን ሁሉ ተደክሞበት የተጣበቀው እንደገና ድቃቂ ሆኖ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። የሲንተር ጥራት ሲለካ አንዱ መመዘኛ በዚህ ሙቀት ምን ያህል ይፈረፈራል የሚለው ነው።

ዝቅ ሲል ኦክሲጅኑ እያለቀ፣ ብረቱ እየተገለጠ ይሄዳል። ከ1,100 ዲግሪ በኋላ ሲንተሩ ይለሰልሳል፣ እንደ ሊጥ ይሆናል። ሊጥ ደግሞ ጋዝ አያሳልፍም። ታዲያ ጋዙ በየት ይለፍ? በኮኩ ድርብ! በየተራ የተነጠፈው ለዚህም ጭምር ነው። ሲንተሩ ሊጥ በሆነበት ከፍታ ላይ የኮኩ ድርቦች እንደ መስኮት ሆነው ያገለግላሉ። ከዚያ በታች ጠጣር ሆኖ የሚቀረው ኮክ ብቻ ነው። ብረቱና የቀለጠው ድንጋይ በኮኩ መሐል እየተንጠባጠቡ ይወርዳሉ።

ከታች ዙሪያውን ከ20 እስከ 40 የሚሆኑ፣ በውኃ የሚቀዘቅዙ የመዳብ አፍንጫዎች አሉ። አየሩ የሚነፋው በእነሱ ነው። አየሩ ራሱ 1,100 ዲግሪ እና ከዚያ በላይ ሞቆ ነው የሚገባው። ቀዝቃዛ አየር ይሻላል ተብሎ ይታመን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1828 ጄምስ ኒልሰን የተባለ የስኮትላንድ ሰው አየሩን ቢያሞቀው ነዳጁ በብዙ ቀነሰ። 1 ቶን ብረት ለማውጣት 1.6 ቶን ገደማ ማዕድን፣ ግማሽ ቶን የሚጠጋ ኮክና ከሰል ያስፈልጋል። የሚነፋው አየር ሲመዘን ግን ከ1 ቶን ይበልጣል። ምድጃው ከኮኩ ይልቅ አየር ነው የሚበላው ማለት ነው።

ውስጡን ማንም አያየውም። ኃላፊዎቹ የሚያዩት ግፊቱን፣ ከአናቱ የሚወጣውን ጋዝ ይዘት፣ የግድግዳውን ሙቀት ነው። በአፍንጫዎቹ ላይ ባለች ትንሽ የመስታወት መስኮት ደግሞ ኮኩ በነፋስ ሲደንስ ይታያል። አንዳንዴ ድንጋዩ መውረዱን ያቆማል፣ ይንጠለጠላል። ከዚያ በድንገት ይናዳል። ከሐኪም ሥራ ጋር ይመሳሰላል፤ ሳይከፍቱ፣ ከትንፋሹ መገመት።

በየጥቂት ሰዓቱ የታችኛው ግድግዳ ይበሳል። 1,500 ዲግሪ የሆነ ብረት ይፈሳል። ስላግ የሚባለው የቀለጠ ድንጋይ ቀለል ስለሚል በላዩ ተንሳፍፎ ይመጣል፤ ለብቻው ይቀዳል። የኖራው ዋና ሥራ እዚህ ይታያል፤ በማዕድኑ ውስጥ ያለውን አሸዋ ይዞ የሚፈስ ስላግ አድርጎታል። ስላጉ በውኃ ተመትቶ ከተፈጨ ሲሚንቶ ውስጥ ይገባል። ብረቱ ከ4 በመቶ በላይ ካርቦን ስላለበት ተሰባሪ ነው፤ ሌላ ቦታ ኦክሲጅን ተነፍቶበት ካርቦኑ ሲቃጠል ነው ጠንካራው ብረት የሚሆነው። ቀዳዳው በልዩ ጭቃ ይደፈናል። ምድጃው ግን አይቆምም። ሌሊት የለ፣ በዓል የለ፣ እስከ 15 እና 20 ዓመት።

ክብሪት የማይሠራበት ምክንያት

የረጋ ቅቤ ከጠርሙስ ለማውጣት የታገለ ሰው ይገባዋል። ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ይቀልጣል። ምድጃው ሥር የረጋውን ብረት ግን የትኛው ፀሐይ ያሞቀዋል?

ለጥቂት ቀናት ማቆም ይቻላል። ቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ ተጨማሪ ኮክ ተሞልቶ፣ ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኖ ምድጃው እንዲያንቀላፋ ይደረጋል። እሳት በአመድ ዳፍኖ እንደማሳደር ነው። ሳይዘጋጁ ቀለብ ሲቋረጥ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከሥር ያለው ብረትና ስላግ ኮኩን እንደያዘ ይጠጥራል። መፍሰሻው ይዘጋል፣ የአየር አፍንጫዎቹ ይደፈናሉ። ትንፋሽ ከሌለ ሙቀት የለም፤ ሙቀት ከሌለ የረጋው አይቀልጥም። ጡቡም ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። የረጋውን ጓል የሙያው ሰዎች ሳላማንደር ይሉታል፤ በተረት እሳት ውስጥ ይኖራል በሚባለው እንስሳ ስም። እሱን ለማውጣት መሰርሰር፣ አንዳንዴም በፈንጂ ማፍረስ ይጠይቃል።

ስካንቶርፕ ላይ ደግሞ የኮክ መጋገሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ተዘግተዋል። ስለዚህ ኮክም ሆነ ማዕድን በመርከብ ካልመጣ የምድጃዎቹ ዕድሜ በቀን የሚቆጠር ነበር። ለዚህ ነው ነገሩ እስከ ሰኞ መቆየት ያልቻለው። ሕጉ መንግሥት ገብቶ ፋብሪካውን እንዲቆጣጠር ፈቀደለት፤ ኢሚንግሃም ወደብ የደረሰው ጭነትም ተከፍሎበት ወደ ምድጃዎቹ ተጓዘ።

እዚያው አገር፣ ዌልስ ውስጥ፣ ከዚያ ቅዳሜ ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ፖርት ታልቦት የተባለው የብረት ፋብሪካ የመጨረሻው ብላስት ፈርነስ ተዘግቷል። ምክንያቱ ኪሳራም ነው፣ ጭስም ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራ 1 ቶን ብረት ወደ 2 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ማፋታቱ ራሱ በካርቦን ስለሆነ ጭሱን በማጣሪያ ብቻ መገላገል አይቻልም። በፖርት ታልቦት የሚተካው ቁርጥራጭ ብረት የሚያቀልጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የቁራሌው መንገድ። አንዳንድ አገሮች ደግሞ በካርቦን ፈንታ በሃይድሮጅን ለማፋታት እየሞከሩ ነው፤ ያኔ የሚወጣው ጭስ ሳይሆን እንፋሎት ይሆናል።

እኛ አገር ያሉት ፋብሪካዎች በአብዛኛው ቁርጥራጭ የሚያቀልጡ ወይም ከውጭ የመጣ ብረት የሚድጡ ናቸው። ታዲያ ዓለም ሁሉ ለምን ወደ ቁርጥራጭ አይዞርም? አንደኛ፣ ቁርጥራጩ ለሁሉም አይበቃም። ሁለተኛው ምክንያት መዳብ ነው። ከአሮጌ መኪናና ከሞተር ጋር የተቀላቀለ የኤሌክትሪክ ሽቦ አብሮ ሲቀልጥ መዳቡ ብረቱ ውስጥ ይቀራል። ኦክሲጅን ቢነፉበት አይቃጠልም፣ ስላግም አይወስደውም። በተቀለጠ ቁጥር እየተጠራቀመ ይሄዳል፣ ብረቱም በግለት ሲዳጥ ይሰነጠቃል። ፌሮ ትንሽ ይችለዋል። የመኪና አካል የሚሆነው ስስ ላሜራ ግን አይችለውም፤ ከቁርጥራጩ ጋር ከቀይ ድንጋይ የወጣ አዲስ ብረት ይጨመርበታል።